ሁለት ጊዜ የገባ ጥቁር አዝሙድ

የበደለችኝ ነኢማ ሸምሱ ነች። ጊዜው የዛሬ ሰባት ዓመት፣ ረመዳን ሊገባ ሲል ነው። ቦታው መርካቶ፣ በርበሬ የሚሸጥበት መደዳ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ስሟን የምጽፈው እሷም በዚያ ቀን የእኔን ስም ሳታንሾካሹክ ስለጠራችው ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ምን እንዳለችኝ ቦታው ሲደርስ እነግራችኋለሁ። ሥራውን የማያውቅ ሰው የተባልኩት ነገር ምን ያህል እንደሚጎዳ ስለማይገባው፣ ከሥራው እጀምራለሁ። ስለ ባሌና ስለ ልጆቼ ግን አልጽፍም። እነሱ በርበሬ አልቀነጠሱም።

የገባሁት ልጅ እግር ሆኜ ነው። የነኢማ እናት እትዬ ሩቅያ ከአንዋር መስጊድ ወረድ ብሎ ባለው መደዳ የታወቁ በርበሬ አዘጋጅ ነበሩ። ሱቃቸው ከፊት ጠባብ ነው፤ ወደ ኋላ ግን እንደ መጋዘን ይረዝማል። ጣራው ቆርቆሮ ስለሆነ ምስማር በለቀቀበት ቀዳዳ ሁሉ ፀሐይ ይገባል። መጀመሪያ ቀን በሩን አልፌ ስገባ አየሩ ቀይ ነበር። ብናኙ በብርሃኑ ውስጥ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ቀስ እያለ ይወርዳል። ሴቶቹ አፍና አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ተቀምጠዋል፤ ከሩቅ ሲታዩ ውኃ ውስጥ ያሉ ይመስላሉ። በዚያ ክፍል ዕድሜዬን ጨርሼ፣ ዛሬም በሕልሜ የሚመጣው የዚያ ቀን አየር ነው።

እትዬ ሩቅያ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

ነገርኳቸው።

«ቀንጥሰሽ ታውቂያለሽ?»

«አዎ።»

«ዓይንሽን በእጅሽ ከነካሽ ወደ ቤትሽ ነው የምሰድሽ። ተቀመጪ።»

ከምሳ በፊት ነካሁት። አልሰደዱኝም። ሴቶቹ ሲስቁብኝ ራሳቸው ወተት አምጥተው ዓይኔን አጠቡኝ።

ሥራው በደረጃ ነው። ቀንጣሽ የዛላውን ጭራ ትቆርጣለች፤ የሻገተውን ለይታ ትጥላለች። ከእሷ በላይ ደላዥ አለች። ደላዥ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላና ጤና አዳም ወቅጣ ከተከተከተው በርበሬ ጋር ታሽና ታሰጣለች። ከሁሉም በላይ መጣኝ ነች። በርበሬው ደርቆ ወፍጮ ቤት ከመሄዱ በፊት ኮረሪማውን፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ ነጭ አዝሙዱን፣ ጨውን የምትሰፍረው እሷ ነች። የቤቱ ስም ያለው እሷ እጅ ላይ ነው።

ስትመጥን በሩ ይዘጋል። የሚያናግራት የለም። ለየቅመሙ አንድ አንድ ጣሳ አለ፤ ቅመሙ ተሰፍሮ ሲገባ ጣሳው ይደፋል። የተደፋ ጣሳ፣ ገብቷል ማለት ነው። ሁሉም ሲደፋ በሩ ይከፈታል። እትዬ ሩቅያ ይህን ከእናታቸው ነው የተማሩት፤ እናታቸው ከማን እንደተማሩት አያውቁም።

ብዙ ዓመት ስደልዝ ኖርኩ። ምጣኔው የነኢማ ነበር፤ አንድ ልጅ እሷ ነች። ነኢማ ግን እጇን ማቅላት አልወደደችም። እዚያው መርካቶ ሕንፃ ላይ ሱቅ ከፍታ ብርጭቆና ድስት ታስመጣለች። አልፎ አልፎ በእኛ በኩል ስታልፍ አፍንጫዋን በመሐረብ ትይዛለች። አንድ ቀን እትዬ ሩቅያ ጣሳዎቹን ደርድረው ወደ እኔ ዞሩ።

«አስካለ፣ በሩን ዝጊና እዚህ ተቀመጪ» አሉኝ።

ከውጭ አልዘጋሁትም። ከውስጥ ነው የዘጋሁት። መጣኝ የሆንኩት እንዲህ ነው። ለምኜ አይደለም።

በሽታው በአፍንጫቸው ጀመረ። ያኔ በሽታ መሆኑን ማን አወቀ? እትዬ ሩቅያ የማረቆን በርበሬ ከአላባው ዓይናቸውን ጨፍነው የሚለዩ ሴት ነበሩ። አንድ ጠዋት ኮረሪማ በመዳፋቸው ይዘው ደጋግመው አሸተቱት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዘረጉት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

የሚፈትኑኝ መሰለኝ። «ኮረሪማ ነው፣ እትዬ።»

«እሱማ ኮረሪማ ነው» አሉና እጃቸውን ሰበሰቡ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር ፈተና አይመስልም ነበር።

ቀጥሎ፣ አብረን ስንመጥን እትዬ ሩቅያ የደፏቸው ጣሳዎች መነሳት ጀመሩ። ደፍተውት ጥቂት ይቆዩና መልሰው ያቃኑታል፣ ይሰፍሩበታል፣ እንደገና ይጨምራሉ። ጥቁር አዝሙድ ሁለት ጊዜ ሲገባ በዓይኔ አየሁ።

«እትዬ፣ ገብቷል» አልኳቸው።

«ማን ነው በምጣኔ ላይ አፉን የሚከፍተው?»

ሲወጡ ቅመም ያልገባበት በርበሬ ጨምሬ አቻቻልኩት። ብዙ ጊዜ አቻችያለሁ። የመደዳው ሰው ያንን በርበሬ እየበላ የእትዬ ሩቅያ እጅ አልተለወጠም ይል ነበር።

የሱቁ ቁልፍ ይጠፋና እርድ ውስጥ ይገኛል። የአንድ እግር ጫማቸው ጆንያ ውስጥ ይገኛል። ጠዋት ጠዋት ስገባ ትክ ብለው ያዩኛል።

«የማን ልጅ ነሽ?»

እነግራቸዋለሁ።

«ቀንጥሰሽ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«ተቀመጪ እስኪ፣ እናያለን።»

ስንት ጊዜ እንደቀጠሩኝ አላውቅም። በመጀመሪያ ያሳፍረኝ ነበር። በኋላ ደስ እያለኝ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ማን በየጠዋቱ ተቀመጪ ብሎኛል?

ከቀትር በኋላ፣ የአስር ሰላት ሲያልፍ ግን ይከፋል። ፀሐዩ በቀዳዳዎቹ አጋድሞ ሲገባ ይነሳሉ፤ ነጠላቸውን ያጣፋሉ። «ቤቴ ልሂድ፤ ሸምሱ መጥቶ ሲያጣኝ ይቆጣል» ይላሉ። ባላቸው ጋሼ ሸምሱ ከሞቱ ቆይተዋል። አንድ ጊዜ እውነቱን ነገርኳቸው። መሬት ላይ ተቀምጠው እንደ አዲስ መርዶ አለቀሱ። በማግስቱ ጠየቁኝ፤ ሁለተኛ አልነገርኳቸውም። «እየመጡ ነው» እላለሁ። እሳቸው በሩን ያያሉ፤ እኔም አብሬ አያለሁ። በዚያ ቀይ አየር ውስጥ ዘመኑ ተደበላልቆብኝ፣ ጋሼ ሸምሱ ጎንበስ ብለው በበሩ ሲገቡ የማይ የሚመስለኝ ጊዜ ነበር። ረጅም ሰው ነበሩ፤ ሁልጊዜ ጎንበስ ብለው ነበር የሚገቡት።

ለነኢማ ነግሬያታለሁ። ይህ ይጻፍልኝ። ሱቋ ድረስ ወጥቼ ደረጃው ላይ አገኘኋት።

«እናትሽ ልክ አይደሉም። ሐኪም ይያቸው።»

«እማ ደክሟት ነው፣ እትዬ አስካለ።»

«ድካም አይደለም። ሰው እየረሱ ነው።»

«በዚህ ዕድሜ የማይረሳ ማን አለ? አንቺ ሥራሽን ሥሪ፤ እናቴን ለእኔ ተይልኝ።»

ወረድኩ። ሥራዬን ሠራሁ።

ከዚያ ለቅሶ ደርሶብኝ አንድ ቀን ቀረሁ። በዚያ ቀን እትዬ ሩቅያ ብቻቸውን መጠኑ። ለሠርግ የታዘዘ በርበሬ ነበር፤ በዕለቱ ተፈጭቶ ተወሰደ፤ በመራራነቱ ለወጥ የማይሆን ሆነ። የሙሽራው እናት ማታውኑ ጆንያዎቹን አስጭና መጥታ በሩ ላይ አራገፈች። እኔ በማግስቱ ስገባ መደዳው ቆሞ ይጠብቀኛል። ነኢማ ከሱቋ ወርዳለች። እትዬ ሩቅያ መሐል ተቀምጠው ነበር፤ ሲያዩኝ ሸሹኝ።

«ይቺን ሴት አላውቃትም» አሉ። «ምግቤ ውስጥ የሆነ ነገር ትጨምርብኛለች።»

ነኢማ ወደ እኔ መጣች። እስከዚያ ቀን ስትቆጣም «እትዬ አስካለ» ነበር የምትለኝ።

«አንቺ፣ ምን አብልተሻት ነው?»

«ምን አልሽ?»

«እናቴን አዙረሽብኛል። ምጣኔውን ለብቻሽ ለመውረስ ብለሽ የሆነ ነገር አብልተሻታል። ሰዎች፣ ከአስካለ እጅ አትብሉ፤ እጇ ላይ ነገር አለ።»

ሌባ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ሌባ የተባለ ሰው ሌላ ሱቅ ሄዶ ይሠራል። እኛ ግን ሰው የሚበላውን ነው በእጃችን የምናሸው። እጇ ላይ ነገር አለ የተባለች ሴት መዳፏን ዘርግታ በርበሬ ብታሳይ ማን ይቀምሳል? አብረውኝ የደለዙ ሴቶች ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው መንገድ ለቀቁልኝ። ለአክብሮት አልነበረም።

እህል በረንዳ ወረድኩና ምስር ለቀምኩ። ጠጠሩን ከምስር የምትለይ ሴት ስሟን የሚጠይቃት የለም፤ ለዚያ ጊዜ ተስማማኝ። ጆንያ ተሸካሚዎቹ ሲያልፉ የሚነሳው የጤፍ ብናኝ ነጭ ነው። በዚያ ነጭ አየር ውስጥ ተቀምጬ ቀዩን አስብ ነበር። የምጣኔው ሽታ ሌሊት ከጣቶቼ ይመጣብኛል፤ ጠዋት ስነሳ የለም።

ወደ መደዳው የመለሰኝ ጋሼ በድሩ ነው። ከእትዬ ሩቅያ ሱቅ ማዶ ዛላ በርበሬና ቅመም ይሸጣል፤ ቀልድ ይወዳል።

«አስካለ፣ ነይና ቀንጥሽልኝ» አለኝ። «ቅንጠሳ ብቻ። ምጣኔ አላስነካሽም።»

«አንተም ታምናለህ ማለት ነው?»

«እኔማ አንቺ ሰው ማዞር ብትችይ መጀመሪያ የማስዞርሽ ሚስቴን ነበር። እኔ ባምንሽም ገበያው አያምንሽም። ገበያውን እንዴት ላድርገው?»

እንደገና ቀንጣሽ ሆኜ ከደጅ ተቀመጥኩ፤ መጀመሪያ ቀን ከጀመርኩበት ደረጃ። አጠገቤ ያሉት ልጆች የእኔ ልጆች እኩዮች ናቸው። ስለ እኔ የተባለውን ሰምተዋል። ምሳቸውን ሲበሉ ፊታቸውን ያዞራሉ።

የእትዬ ሩቅያ ሱቅ ተዘግቶ ነበር። ነኢማ እናቷን ኮልፌ ቤቷ ወስዳቸዋለች። ጠበል አድርሳለች ያሉም አሉ፣ ቃልቻ ቤት ወስዳለች ያሉም አሉ፤ እኔ አላየሁም። አንድ ቀን ጋሼ በድሩ መጥቶ ጎኔ ቁጢጥ አለ።

«ሐኪም አይቷቸዋል አሉ። ጭንቅላታቸውን በመሣሪያ አነሷቸውና የመርሳት በሽታ ነው ተባለ።»

«ነኢማ ነገረችህ?»

«ባሏ ነው የነገረኝ።»

«መደዳው ላይስ ማን ይናገራል?»

ጋሼ በድሩ ተነስቶ ሄደ።

እኔም ጤና ጣቢያ ሄጄ ተራ ያዝኩ። ዶክተሯ ወጣት ነች።

«ምንዎትን ነው የሚያምዎት፣ እማማ?»

«እኔን አያመኝም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ሰው እየረሳ የሚሄድበት በሽታ በምግብ ይመጣል? ሰው ለሰው ያበላዋል?»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። የሚያስቸኩላት ሰው ከውጭ ቢኖርም አልተቻኮለችም። አልዛይመር ይባላል አለችኝ። የአንጎል ሕዋሳት ቀስ በቀስ እየሞቱ የሚሄዱበት ነው፤ ሰው ሳያውቀው ዓመታት ቀድሞ ይጀምራል። የሚያበላው ሰው የለም። የሽታ ስሜት ቀድሞ ሊደክም ይችላል። የቅርቡ ይጠፋል፤ የድሮው ይቆያል። እጅ የለመደው ሥራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚጠፋው። የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም፤ ሕመምተኛውን አለመከራከር፣ አለማስደንገጥ ነው።

«ሰው ይከሳሉ?» አልኳት።

«ይከሳሉ። የጠፋባቸውን ነገር ራሳቸው እንዳስቀመጡት ስለማያስታውሱ ሌላ ሰው ያደረገው ይመስላቸዋል። ብዙ ጊዜ የሚከሱት ደግሞ አጠገባቸው ያለውን ሰው ነው።»

ወንበሬን ወደ ጠረጴዛዋ አስጠጋሁ።

«እንግዲያው ይህን ጽፈሽ ማኅተም አድርጊበት» አልኳት።

«የማንን ሕመም ልጻፍ? ሕመምተኛዋ እኮ እርስዎ አይደሉም።»

«ሰው የሚያበላው እንዳልሆነ ብቻ ጻፊልኝ።»

ፈገግ አለች። «እማማ፣ ለዚህ ማኅተም የለንም።»

እትዬ ሩቅያን ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቅር አልኳቸው። የታመመ ሰው ዕዳ የለበትም። ነኢማ ግን አልታመመችም። ታውቃለች፤ እያወቀች በመደዳው ታልፋለች። እኔ ጭራ ስቆርጥ ታየኛለች፤ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች።

የመጡት በማለዳ ነው። ጉም ነበር፤ የመስጊዱ ሚናራ ከወገቡ በላይ አይታይም። ቀና ስል እትዬ ሩቅያ አጠገቤ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። ከየት እንደመጡ አላየሁም፤ ከጉሙ ውስጥ የወጡ ነው የመሰለኝ። በአንድ እግራቸው ጫማ የለም፤ ቀሚሳቸው ጭቃ ነክቷል። በርበሬ አንስተው ይቀነጥሳሉ። እጃቸው ከሁላችን ይፈጥናል። የሻገተውን ሳያዩት በጣታቸው ብቻ ለይተው ይጥሉታል።

ከኮልፌ በእግራቸው ነበር የመጡት። ሳያያቸው በር የከፈተ ሰው ኖሮ ወጥተዋል። ጋሼ በድሩ ለነኢማ ደወለ። እስክትመጣ መደዳው ተሰበሰበ፤ ያን ቀን ስወነጀል የሰሙ ሰዎች ሁሉ አሉ። የእትዬ ሩቅያን እጅ ያያሉ።

ነኢማ እያለከለከች ደረሰች። ነጠላ ጫማ ነው ያደረገችው፤ ፀጉሯ በቅጡ አልተሸፈነም። እናቷ እግር ሥር ተንበረከከች።

«እማ፣ ተነሽ እንሂድ።»

እትዬ ሩቅያ ቀና ብለው አዩዋት። «ሴትዮ፣ ሥራ ላይ ነን» አሏት።

ነኢማ የላስቲክ ጠርሙስ ውኃ አውጥታ አፋቸው ላይ ልታደርግ ስትል በክንዳቸው መለሱት። ውኃው ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። «ከማላውቀው ሰው አልጠጣም» አሉ። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ያን ሁሉ መንገድ የመጡት በባዶ ሆዳቸው ነው። ነኢማ ደጋግማ ሞከረች፤ ደጋግመው ገፏት። ማልቀስ ጀመረች።

ያኔ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ውኃ ስጪኝ» አሉኝ።

የውኃ ጆጌ አጠገቤ ነበር። ቀዳሁ። ብርጭቆውን ይዤ ግን አልዘረጋሁትም።

«ነኢማ፣» አልኳት፣ «ከእኔ እጅ ይጠጡ ወይስ አይጠጡ?»

ቀና ብላ አየችኝ። የምለው ገብቷታል።

«ስጫት» አለች በቀስታ።

«እነሱ አልሰሙም። ያን ጊዜ ሰምተው ነበር።»

ጋሼ በድሩ «አስካለ፣ ሴትዮዋ ጠምቷቸዋል» አለኝ።

«እኔም እያየሁ ነው፣ ጋሼ። የማዘገየው እኔ አይደለሁም።»

ነኢማ ከጉልበቷ ተነሳች። ወደ ሰዉ ዞረች። ድምፅዋ ለሁሉም ይሰማል።

«እናቴ የመርሳት በሽታ ነው ያለባት። ሐኪም ነግሮኛል፤ ካወቅኩ ቆይቻለሁ። እትዬ አስካለ ምንም አላበላቻትም። እጇ ላይ ምንም የለም። ዋሽቼባታለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እባክሽን፣ አጠጪልኝ።»

ብርጭቆውን ከአፋቸው አደረስኩት። እትዬ ሩቅያ ሁለት እጃቸውን በእጄ ላይ ጭነው ጨርሰው ጠጡ። «ጎበዝ» አሉኝ። «ቀንጥሰሽ ታውቂያለሽ?» መደዳው ላይ የሳቀ ሰው አልነበረም።

ስነግራቸው ጨክነሻል የሚሉኝ አሉ። ይበሉ። ብርጭቆው በእጄ የቆየው ነኢማ አፏን እስክትከፍት ነው። እሷ ስንት ዓመት ዘግታው ነበር።

በማግስቱ ጋሼ በድሩ የቅመም ክፍሉን ቁልፍ ሰጠኝ። በሩን ከውስጥ ዘግቼ ስመጥን ከውጭ ሴቶቹ ዝም አሉ። እትዬ ሩቅያን የነኢማ ሾፌር አንዳንድ ጠዋት እያመጣቸው ከደጅ ከቀንጣሾቹ ጋር ይቀመጡ ነበር፤ እጃቸው እስኪረሳ ድረስ። መጨረሻ ላይ ዛላውን ይዘው ያዩታል፤ ምን እንደሚያደርጉት አያውቁም። ያኔ መምጣት ተዉ። አሁን አልጋ ላይ ናቸው።

በዚህ ሙያ አዲስ ለሆናችሁ የምላችሁ ይህን ነው። አብራችሁ የምትሠራ ትልቅ ሴት የገባውን ቅመም ደግማ ስትጨምር ካያችሁ፣ ማን አዞራት አትበሉ። ሐኪም ቤት ውሰዷት። ለልጇም ንገሩ፤ ስትነግሩ ምስክር ይኑራችሁ።

ነኢማ በርበሬዋን አሁን ከእኔ ነው የምትገዛው። መዝኜ እሰጣታለሁ። ቤቷ ሄጄ አላውቅም።